ከጌቴሴማኒ እስከ መተማ፤ እንደ ፈቃዱ መጸለይ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከሰሙነ ሕማማት ዕለታት መካከል በጸሎት ስም የምትጠራው ጸሎተ ሐሙስ ናት። በዚህች ዕለት ካህናት የምእመናንን እግር ያጥባሉ፤ ቅዳሴ ይቀደሳል፤ በየቤቱም ጉልባን ይቀርባል። ሕጽበቱ የጌታችንን ትሕትና፣ ቅዳሴውም ምሥጢረ ቁርባን የተመሠረተባትን ምሽት ያስታውሰናል። ጸሎት የሚለው ስሟ ግን ከእራቱ በኋላ የሆነውን ያመለክታል፤ ይኸውም ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን አስከትሎ፣ ቄድሮን የተባለውን ፈፋ ተሻግሮ በጌቴሴማኒ የአትክልት ስፍራ የጸለየውን ጸሎት ነው። ስለ ሕጽበቱና ስለ ቁርባኑ በየዓመቱ ብዙ ይሰበካል። ለዕለቲቱ ስም ስላወጣላት ጸሎት የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። በዚህ የትንሣኤ በዓል ገጽ ስለ እርሱ ጥቂት ለማለት የተነሣነው ስለዚህ ነው።

ወደዚህ ርእስ የመራን የአንዲት እናት ጥያቄ ነው። እኒህ እናት ከጎንደር ደጋ አገር ናቸው። ልጃቸው በ2014 ዓ.ም. ክረምት፣ እንደ ብዙዎቹ የአገሩ ወጣቶች፣ ለሰሊጥ አረም ወደ መተማ ቆላ ወረደ። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላም ወደ ቤቱ አልተመለሰም፤ ድንበሩን ተሻግሮ በገዳሪፍ በኩል ካርቱም ገባ፤ ሥራ ማግኘቱንም በስልክ ነገራቸው። በ2015 ዓ.ም. የትንሣኤ ዋዜማ፣ ሚያዝያ 7 ቀን፣ በእኛ አገር ካህናት የቀዳም ሥዑርን ቄጠማ በሚያድሉበት ዕለት፣ በካርቱም ጦርነት ፈነዳ። ከዚያች ቀን ወዲህ የልጃቸው ድምፅ ጠፋ።

በቀጣዮቹ ሳምንታት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞች፣ ኢትዮጵያውያንም ሱዳናውያንም የሌሎች አገሮች ዜጎችም፣ በመተማ በኩል እንደ ገቡ ይታወሳል። እናቲቱ ሰው ልከው አስጠየቁ፤ ልጃቸውን አየሁ የሚል አልተገኘም። ጊዜው እየረዘመ ሲሄድ ዘመዶቻቸው ተሰበሰቡና፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ከሆነ ምን ይደረጋል፣ ፍትሐት ይፈታለት፣ ተዝካሩም ይውጣ አሏቸው። እርሳቸው እምቢ አሉ። በዚህ ምክንያት ከወንድማቸው ጋር እስከ መኳረፍ ደረሱ።

"ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህና ንገረኝ" አሉን ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ቁጭ ብለን ሳለ። "ሌሊት ሌሊት ተነሥቼ ልጄን መልስልኝ እለዋለሁ። እንደ ፈቃድህ ይሁን ማለት ግን አፌ እምቢ ይለኛል። ያልሁት እንደ ሆነ በገዛ እጄ የቀበርሁት ይመስለኛል። እንግዲህ ጸሎቴ ከንቱ ነው?"

በትምህርት ቤት የተማርነው መልስ ነበረን። በዚያች ሰዓት ግን ከአፋችን አልወጣም። በበኩላችን ያን ዕለት ያልመለስነውን በሚገባ ለመመለስ ወደ ጌቴሴማኒው ጸሎት መመለስ ነበረብን።

ወንጌላውያን እንደ ጻፉልን ጌታችን በዚያች ሌሊት አዘነ፣ ተከዘ፣ ሦስቱን ደቀ መዛሙርት አብረውት እንዲተጉ ለመነ፣ በግንባሩም ወደቀ። የጸለየውም ጸሎት ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ጽዋው ከእርሱ እንዲያልፍ የሚለምን ነው፤ ሁለተኛው የአባቱ ፈቃድ እንዲፈጸም የሚሰጥ ነው። አባቶቻችን እንደሚያስተምሩን ይህን የጸለየው ፈቃዱ ከአባቱ ፈቃድ የተለየ ሆኖ አይደለም፤ የተዋሐደው ሥጋ እውነተኛ ሥጋ መሆኑን ለማስረዳትና ለእኛም አርአያ ለመሆን ነው እንጂ። አርአያ ከሆነልን ደግሞ አርአያነቱ በሁለተኛው ክፍል ብቻ ሊሆን አይችልም። ብዙዎቻችን የምንስተው ይህን ነው። ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ ስንሰብክ የመጀመሪያውን ልመና እንደ ድካም ቆጥረን እንዘለዋለን፤ ያዘነውንም ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ሁለተኛው እንገፋዋለን። ጌታችን ግን የመጀመሪያውን አልዘለለውም። አንድ ጊዜም ብቻ አላለውም፤ ማቴዎስ እንደ መሰከረው ሄዶ ተመልሶ ሦስት ጊዜ ጸለየ። ሉቃስም ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ ወደ ምድር ይወርድ እንደ ነበር ጽፏል።

ቅዱስ ጳውሎስ ለዕብራውያን በላከው መልእክት በ5ኛው ምዕራፍ ስለዚህ ጸሎት የተናገረው ቃል አንባቢን ቆም ብሎ እንዲያስብ የሚያደርግ ነው። ጌታችን በብርቱ ጩኸትና በእንባ እንደ ለመነ ከተናገረ በኋላ፣ ልመናው ተሰማ ይላል። ጽዋው ግን አላለፈም፤ በማግሥቱ ተሰቀለ። እንግዲህ ተሰማ ማለት የተለመነው ነገር እንደ ተለመነ ተፈጸመ ማለት ብቻ አይደለም። ያን ሌሊት የሆነውን ብንመረምር ከሰማይ የሚያበረታ መልአክ ታየ፤ በግንባሩ ወድቆ የነበረውም ተነሥቶ ቆመ፤ የተኙትን ቀስቅሶ ሊይዙት ወደሚመጡት ሰዎች ራሱ ሄደ። ትንሣኤውም በሦስተኛው ቀን ሆነ። ለጸሎቱ የተሰጠው መልስ በዚህ ሁሉ ውስጥ አለ።

እናቲቱ ልጃቸውን የሸኙበት የመተማ አገር ራሱ በዚህ ነገር የሚነገር ታሪክ አለው። ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በአይከል በኩል ቁልቁል የሚወርደው መንገድ፣ ገንዳ ውሃን አልፎ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ከሚጠጋ ጉዞ በኋላ በድንበሩ ከተማ በመተማ ዮሐንስ ያበቃል። ከተማዋ በስሟ የያዘችው ዮሐንስ ንጉሠ ነገሥት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ናቸው።

ዐፄ ዮሐንስ ከድርቡሾች ጋር ወደ ጦርነት የገቡበት ምክንያት በአብዛኛው ከ1876 ዓ.ም. የአድዋ ውል ይመነጫል። በውሉ መሠረት በሱዳን ምሥራቅ በድርቡሾች የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ረዱ፤ መተማም ከእነዚያ ስፍራዎች አንዷ ነበረች። ይህ ግን ድርቡሾችን ጠላት አደረገባቸው። በጥር 1880 ዓ.ም. አቡ አንጃ የሚባለው የድርቡሽ የጦር አለቃ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር በደምቢያ ሣር ውሃ ላይ ድል ነሥቶ ጎንደር ገባ። ከተማይቱ ተቃጠለች፤ አብያተ ክርስቲያናቱም ጋዩ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች፤ አበው ንብ ወጥቶ ጠበቃት ይላሉ።

ስለዚህች ቤተ ክርስቲያን መትረፍ ስንሰማ ሁላችንም ደስ ይለናል፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን በዚያች ቀን ምህላ ያደረሱት የደብረ ብርሃን ሥላሴ ካህናት ብቻ ነበሩን? በተቃጠሉት አጥቢያዎችስ እግዚኦታ አልተባለምን? ስለ አንዲቱ መትረፍ የምንተርከውን ያህል ስለ ተቃጠሉት የማንናገረው ለምንድን ነው? ምናልባት መልስ ስለ ሌለን ነው። ሆኖም መልስ በሌለን ስፍራ፣ የተረፈው እምነቱ ስለ በዛ ነው፣ የተቃጠለውም ስለ ጎደለ ነው ብሎ መደምደም ወንጌልን መቃወም ይሆናል። ጌታችን በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር፣ ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ነዋሪዎች ይልቅ ኃጢአተኞች ስለ ነበሩ አይደለም ሲል አስተምሯልና።

ለዐፄ ዮሐንስ ያ ዘመን የመከራ ዘመን ነበር። በዚያው በ1880 ዓ.ም. ልጃቸው ራስ አርአያ ሥላሴ ሞቱ። ጣልያኖች ምጽዋን ይዘው ወደ ደጋው ይገፉ ነበር። ከንጉሥ ምኒልክና ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋር የነበረው ግንኙነትም ተበላሸ። በ1881 ዓ.ም. ጦራቸው ጎጃምን ክፉኛ እንደ ጎዳ ታሪክ መዝግቦታል፤ ይህን መሸፈን አይገባንም። በዚያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ያደረጉት ሌላም ነገር አለ። ለአቡ አንጃ የሰላም ደብዳቤ ላኩ፤ የድሆች ደም በከንቱ እንዳይፈስ፣ ሁለቱንም አገሮች የሚያሰጋው ከባሕር ማዶ የሚመጣው ኃይል መሆኑን ገልጸው ዕርቅ ጠየቁ። የመጣላቸው መልስ ስድብ ነበር። ከዚያም ወደ መተማ ዘመቱ።

ዘመቻው የተፈጸመው በዐቢይ ጾም ነው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ቅዳሜ፣ በምኵራብ እሑድ ዋዜማ፣ የኢትዮጵያ ጦር የድርቡሾችን የእሾህ አጥር ጥሶ ገባ፤ ድሉም የቀረበ መሰለ። በዚያች ሰዓት ንጉሠ ነገሥቱን ጥይት መታቸው። ወሬው በጦሩ ውስጥ ሲሰማ ሠራዊቱ ተፈታ። ዐፄ ዮሐንስም ራስ መንገሻን ወራሽ አድርገው ከተናዘዙ በኋላ ዐረፉ። አስከሬናቸውን ይዘው ወደ አገር ሲመለሱ የነበሩትን ድርቡሾች ደረሱባቸው፤ የንጉሠ ነገሥቱም ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ።

በጾም፣ በጸሎት፣ ለአገርና ለሃይማኖት ተብሎ የተደረገ ዘመቻ እንዲህ ሲያበቃ ሕዝቡ ምን አለ? አንዳንዱ እግዚአብሔር ተወን አለ። አንዳንዱም የጎጃምን እንባ አስታውሶ ቅጣት ነው አለ። ዛሬም በቡና ላይ ይህንኑ የሚሟገቱ አሉ። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ስሕተት የሚጀምረው ከአንድ ቦታ ነው፤ የእግዚአብሔርን ፈቃድ ከጦርነት ውጤት ለማንበብ ከመሞከር። በዚያ መለኪያ ከሄድን ያሸነፈው የዘኪ ቱማል ጦር ጻድቅ ሊባል ነው። ዘኪ ቱማል ግን ከአራት ዓመት በኋላ በራሱ ጌታ በኸሊፋው እጅ ታስሮ ሞተ፤ የድርቡሾችም መንግሥት በ1890 ዓ.ም. በኦምዱርማን በእንግሊዞች መድፍ ፈረሰ። ታዲያ መድፉን ጻድቅ እንበለው?

የሆነው ሁሉ እግዚአብሔር የወደደው ነው ማለት አንችልም። የሚወድደው አለ፤ የሚታገሠው አለ። ሰው ሁሉ ሊድን እንደሚወድ ሐዋርያው በግልጥ ጽፏል። የሰውን ልጅ መገደል፣ የከተማን መቃጠል፣ የእናትን ልጅ አልባ መሆን ይወድዳል ብለን ብናስተምር ምእመናንን ከአባታቸው እናስፈራቸዋለን። እናቲቱም ለማለት የፈሩት ቃል አስፈሪ የሆነባቸው፣ ፈቃድህ ይሁን ማለት ሞቱ ይሁን ማለት መስሎ ስለ ታያቸው ነው። ይህንም ያስተማርናቸው እኛው ነን። በልቅሶ ቤት ሁሉ፣ ሰው በሞተ ቁጥር፣ ፈቃዱ ነው እንላለን፤ ልጅ ሲወለድ፣ ዝናብ ሲዘንም፣ የታመመ ሲድን ግን ፈቃዱ ነው ማለትን እንረሳለን። ስለዚህ ፈቃድ የሚለው ቃል በአገራችን ጆሮ የመርዶ ድምፅ ሆነ።

ከዐፄ ዮሐንስ ታሪክ ለጸሎት የምንወስደው ከውጤቱ ሳይሆን ከሰላሙ ደብዳቤ ነው። ልጁ የሞተበት፣ ከተማው የተቃጠለበት ንጉሥ፣ ደም እንዳይፈስ አስቀድሞ የጠላቱን ደጅ መታ። ፈቃዱን የሚሻ ጸሎት ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ ይህ ነው፤ ጸሎተኛው ከተነሣ በኋላ እግሩ ወዴት እንደሚሄድ። አንድ ነገር ደጋግመን ለምነን፣ ከዚያ በኋላ እግራችን ከልመናችን በተቃራኒ ከሄደ፣ በጸሎታችን መጨረሻ ላይ እንደ ፈቃድህ የሚል ቃል መጨመራችን ማኅተም ከመምታት አያልፍም።

ይህን በቆላው ኑሮ እንየው። ከሰኔ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ እጅግ ብዙ ወጣቶች ከደጋው ወርደው በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ የእርሻ ቦታዎች ሰሊጥ ያርማሉ፣ ያጭዳሉ። ሌሊቱን በዋልካው መሬት ላይ፣ ከግራር ሥር ያድራሉ። በዚያ ወባ አለ፤ ካላዛርም አለ። ካላዛር የአሸዋ ዝንብ በሚባል በጣም ትንሽ ነፍሳት ንክሻ የሚተላለፍ ሲሆን፣ የማይለቅ ትኩሳት ያመጣል፣ ሰውነትን ያከሳል፣ ጣፊያን ያሳብጣል። ካልታከመ ይገድላል፤ በጊዜው ከታከመ ግን ይድናል። ብዙ ጊዜም ወባ ነው ተብሎ ቀኑ ያልፋል። ወጣቱ ወደ ቤቱ ሲመለስ ቤተሰቡ ጠበል ይወስደዋል፤ መልካም ነው። አንዳንዱ ግን እንደ ፈቃዱ ይሁን ብሎ በጠበሉ ስፍራ ሳምንታትን ያሳልፋል፤ ጣፊያውም እያበጠ ይሄዳል። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ በሽተኛው ወደ እግዚአብሔር እንዲጸልይ ካዘዘ በኋላ ለባለ መድኃኒትም ስፍራ እንዲሰጠው ያዝዛል፤ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን ያስረዳል። ጠበሉንም ሐኪሙንም የሰጠ አንድ ነው። ከሁለቱ አንዱን ንቆ ፈቃዱን እጠብቃለሁ የሚል ሰው፣ የተላከለትን መልስ በደጁ አቁሞ ሌላ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ነው።

ስለ ስለትም አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ወደ ቆላ የሚወርድ ልጅ ያላት እናት ሁሉ ማለት ይቻላል ስለት አላት፤ በሰላም ቢመለስ ለጊዮርጊስ ጃንጥላ፣ ለእመቤታችን መጋረጃ። ሐናም ስትሳል ሳሙኤልን አግኝታለችና ስለት የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው ጃንጥላው እንደ ዋጋ ሲቆጠር ነው። ልጁ ሳይመለስ ሲቀር፣ ያነሰ ስለት ስለ ተሳልሁ ይሆን ብላ የምትጨነቅ እናት አጋጥማናለች። እግዚአብሔር በጃንጥላ ብዛት የሚያንስና የሚበዛ ልብ የለውም።

ከሁሉ የሚከብደው ያልተቆረጠ ነገር ነው። ዳዊት ልጁ ታሞ ሳለ ሰባት ቀን በመሬት ላይ ተኝቶ ጾመ፤ ልጁ በሞተ ጊዜ ግን ተነሣ፣ ታጠበ፣ ወደ እግዚአብሔር ቤት ገብቶ ሰገደ፣ እንጀራም በላ። አገልጋዮቹ ተደነቁ። የዳዊት ነገር ግልጥ ነው፤ ልጁ በሕይወት እስካለ ድረስ ለመነ፣ ሞቱን ሲያውቅ ተቀበለ። የእኒህ እናት ነገር ግን ከዳዊት ይልቅ የሚከብድ ነው፤ ሞቱን የነገራቸው የለምና። ዘመዶቻቸው ፈቃዱን ተቀበሉ የሚሏቸው የራሳቸውን ግምት ነው። የደከመው ሰው ነገሩ እንዲቋጭለት ይፈልጋል፤ ይህ የሚያስወቅስ አይደለም። ነገር ግን ድካማችንን ፈቃደ እግዚአብሔር ብለን ልንጠራው አይገባም።

ስለዚህ በኋላ ስንገናኝ ይህን አልናቸው። "እናቴ፣ ጸሎትዎ ከንቱ አይደለም። ልጄን መልስልኝ ማለትዎን አይተዉ፤ ጌታም ጽዋው ይለፍ ብሎ ጀምሯል። ሁለተኛውን ቃል ሲሉት ግን ልጅዎን ለሞት የሰጡ አይምሰልዎ። እርስዎ ከሚወዱት ይልቅ ለሚወደው፣ ካለበት ስፍራ ሁሉ ለሚያየው አደራ መስጠትዎ ነው። ዛሬ መላው ካልወጣልዎ የመጀመሪያውን ብቻ ይበሉ፤ ሁለተኛው በጊዜው ይመጣል።" ሞቱ ሳይታወቅ ፍትሐት ይፈታ ዘንድ ማንም እንደማያስገድዳቸውም ነገርናቸው፤ ወንድማቸውንም ጠርተን ይህንኑ አስረዳን። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በጦርነትና በስደት የተለያዩ ቤተሰቦችን ፈልጎ የማገናኘት አገልግሎት እንዳለውም ገለጽንላቸው፤ ይህን ከዚያ በፊት የነገራቸው ሰው አልነበረም። እኛም አስቀድመን አልነገርናቸውምና ወቀሳው ይደርሰናል።

እናቲቱ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ወረቀት ፈትተው ሰጡን፤ የልጃቸው የክርስትና ስም ተጽፎበታል። ወንድማቸው ለፍትሐት ብሎ ያስጻፈው ወረቀት እንደ ነበር ነገሩን። "ይኸው ስሙ" አሉን፤ "በሕይወት ካሉት ጋር ጥሩልኝ።" በዚያው ሳምንት ጸሎተ ሐሙስ ነበር። ስሙ በመንገድ ላሉት በሚደረገው ጸሎት ተጠራ፤ እናቲቱም ከሴቶቹ በኩል ከዓምዱ አጠገብ ቆመው ነበር።